የጠጉር ምስክር ወረቀት

መቼም ሰው በዕድሜው ብዙ ዓይነት ወረቀት ይፈርማል። የቤት ኪራይ ውል ይፈርማል፤ የዋስትና ይፈርማል፤ የጋብቻ ይፈርማል፤ እግዜር ካመጣበትም የፍቺ ይፈርማል። እኔም እንደ አቅሜ ብዙ ፈርሜአለሁ። ልጄ ራስ ላይ የበቀለው ጠጉር የገዛ ራሷ ስለ መሆኑ ፈርም የተባልኩት ግን በሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው።

ነገሩ የሆነው ቶኪዮ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. መጋቢት ወር ላይ ነው። (የጃፓኑን ዘመን በፈረንጆች፣ የአገር ቤቱን በራሳችን አቆጣጠር እየጻፍኩ ስለምሄድ አንባቢ እንዳይደናገርብኝ።) የምንኖረው ካትሱሺካ በሚባለው የከተማይቱ ምሥራቃዊ ወረዳ፣ ከአራካዋ ወንዝ ማዶ ነው። ጃፓን ውስጥ ካሉት ጥቂት መቶ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የተሰባሰቡት እዚያው ነው፤ ትንንሽ ፋብሪካዎች የሞሉበት፣ ኪራዩ ከሌላው ሰፈር ረከስ የሚል ስለሆነ። እኔም ከእነዚያ ፋብሪካዎች በአንዱ የፕላስቲክ ዕቃ ሳመርት ዓመታት አልፈዋል።

ጃፓን ውስጥ የትምህርት ዘመን የሚጀምረው በሚያዝያ ነው። ልጆች ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሦስት ዓመት መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ከተማሩ በኋላ፣ ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ለመግባት ፈተና ይፈተናሉ። ልጄ ተፈትና አለፈች። ደስ አለን። ከትምህርት ቤቱም ወፍራም ፖስታ መጣ። የደንብ ልብሱ ከየት እንደሚገዛ፣ የስፖርት ልብሱ ቀለም፣ የጫማው ዓይነት፣ ሁሉም ተጽፏል። ከሥር አንድ ነጠላ ወረቀት ነበረች። «ጂጌ ሾሜይሾ» ትላለች። «ጂጌ» የተፈጥሮ ጠጉር፣ «ሾሜይሾ» ደግሞ ምስክር ወረቀት ማለት ነው።

በትምህርት ቤቱ ደንብ መሠረት ተማሪ ጠጉሩን ቀለም መቀባትም መጠቅለልም አይፈቀድለትም። ስለዚህ ጠጉሩ ጥቁርና ዘርጋ ያለ ያልሆነ ልጅ፣ በተፈጥሮው እንደዚያ መሆኑን ወላጁ በማኅተሙ ያረጋግጣል፤ የሕፃንነት ፎቶግራፍም ያያይዛል። የልጄ ጠጉር ጥቁር ነው፤ ዘርጋ ያለ ግን አይደለም። የእናቴ ጠጉር ነው፤ ከርደድ፣ ጥቅልል ያለ።

ደሜ ፈላ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2017፣ ኦሳካ ውስጥ አንዲት ተማሪ በተፈጥሮዋ ቡናማ የሆነውን ጠጉሯን ጥቁር ቀለም እንድትቀባ ተደጋግሞ ስለ ታዘዘች አስተዳደሩን መክሰሷን በጋዜጣ አንብቤ ነበር። ያች ልጅ ጃፓናዊት ናት። በጃፓናዊቷ ላይ እንዲህ ከሆነ በእኛዋ ላይማ ምን ሊሆን ነው ብዬ ያን ጊዜ ማሰቤ ትዝ አለኝ።

«አልፈርምም!» አልኩ። «የልጄን ጠጉር የፈጠረ ይፈርም!»

ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና፣ «እሱ ማኅተም የለው፤ አንተው ፈርም» አለችኝ።

ልጄ ግን አልሳቀችም። እሷ ያሰበችው ሌላ ነው። ትምህርት ሳይከፈት ጠጉር ቤት ሄዳ ልታስዘረጋው፣ ወረቀቱንም ጨርሶ ላትመልሰው። ጠጉሯ ዘርጋ ብሎ ከገባች ማን ምስክር ይጠይቃታል? ከዚያ የአዲሱ ትምህርት ቤት ልጆች ገና ከመጀመሪያው ቀን፣ «የእውነትሽ ነው? ልንካው?» አይሏትም። በቀድሞው ትምህርት ቤት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስትነካ ኖራለች።

አስቂኙ ነገር፣ ለካ ማስዘርጋትም በደንቡ ክልክል ነው። ብትተወው ምስክር ያሻዋል፤ ብታስዘረጋው ሕግ መጣስ ነው። ልጄ ግን፣ «ማንም አያውቅብኝም» አለች።

እኔ ታዲያ እንደ አባት ተነሥቼ ንግግር አደረግሁ። ስለ ማንነት፣ ስለ አድዋ፣ ስለ አያቷ ጠጉር፣ ሰው በተፈጥሮው መኩራት ስላለበት፣ ምን ያልተናገርኩት አለ! ልጄ እስክጨርስ ጠበቀችና፣ «አባዬ፣ ትምህርት ቤት የምሄደው አንተ አይደለህም» ብላኝ ወደ ክፍሏ ገባች። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ያህል ከ«እሺ» እና ከ«አይ» በስተቀር ከእኔ ጋር ቃል አልተለዋወጠችም።

እኔ የማታ ፈረቃ ስሠራ ስለ ቆየሁ ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው ቤት የምገባው። አንድ ሌሊት ስገባ የምግቡ ጠረጴዛ ላይ፣ ሳህኔን በከደነው ክዳን ላይ አንድ መጽሐፍ ተቀምጧል። ማንጋ ነው። ማንጋን ለማያውቅ አንባቢ፣ የጃፓን ሥዕላዊ ልብ ወለድ ነው ብለው ይበቃል፤ በጥቁርና በነጭ ይሣላል፤ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል፤ መጀመሪያ በወፋፍራም መጽሔቶች በተከታታይ ይወጣና በኋላ በትንንሽ ቅጽ ይጠረዛል። ሽማግሌውም ሕፃኑም ባቡር ላይ ሲያነበው ዓመታት አይቻለሁ። እኔ ግን ጎራዴና ጭራቅ የሞላበት የልጅ ጨዋታ እየመሰለኝ አንድም ቀን ገልጬው አላውቅም። በመጽሐፉ ላይ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ተለጥፋለች። በጃፓንኛ፣ «ይቺ ልጅ አንተን ትመስላለች» ትላለች።

የመጽሐፉ ስም «ስኪፕ ቶ ሎፋ» ነው። «ስኪፕ» ያው ልጆች ደስ ሲላቸው እየዘለሉ የሚራመዱት ነው፤ «ሎፋ» ደግሞ ክር የሌለው የትምህርት ቤት ጫማ። ደራሲዋና ሠዓሊዋ ሚሳኪ ታካማትሱ ትባላለች፤ በ2018 «አፍተርኑን» በተባለ ወርኃዊ መጽሔት ላይ ነው መውጣት የጀመረው። እንግዲህ እኔም በወርኃዊ መጽሔት ስለ ወርኃዊ መጽሔት ታሪክ እየጻፍኩ ነው ማለት ነው።

ሚፁሚ የምትባል የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት ዋናዋ ባለታሪክ። የመጣችው ከኢሺካዋ ክፍለ ሀገር፣ ባሕር ውስጥ ገባ ብሎ ከሚቀረው የኖቶ ምድር ጫፍ ላይ ካለች ትንሽ ከተማ ነው። ወጣቱ እየለቀቀ የሄደባት፣ አረጋውያን የቀሩባት ከተማ ናት። ሚፁሚ ጎበዝ ተማሪ ስለሆነች ቶኪዮ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ስመ ጥር ትምህርት ቤት ልትማር ትመጣለች። ዕቅድ አላት። ከትልቁ ዩኒቨርሲቲ ትመረቃለች፤ ትልቅ የመንግሥት ሹም ትሆናለች፤ በመጨረሻ አገሯ ተመልሳ ከንቲባ ሆና ሰው እየመነመነባት ያለችውን ከተማ ታድናለች። ዕቅዱ እስከ እርጅና ድረስ ተሰልቷል። ያልተሰላው የመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። ባቡር መቀየር አቅቷት ትጠፋለች። ሺማ የሚባል ረጋ ያለ ልጅ አግኝቷት እየሮጡ ይደርሳሉ። በመግቢያው ፈተና አንደኛ ወጥታለችና በአዲሶቹ ተማሪዎች ስም ንግግር የምታደርገው እሷ ናት፤ ታደርጋለችም። ከዚያም፣ አንባቢ ይቅር ይበለኝ፣ መምህሯ ላይ ታስመልሳለች።

እዚህ ላይ ስደርስ፣ ሌሊት በስምንት ሰዓት፣ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ልጄ እኔን ያየችው የቱ ላይ እንደሆነ ገባኝ።

ለልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደ ተረት የምነግራት አንድ ታሪክ ነበረኝ። እኔ የተወለድኩት ጎጃም፣ ከሉማሜ ገባ ብሎ ካለች መንደር ነው። በ1972 ዓ.ም. በዐሥራ ሁለት ዓመቴ ጉለሌ የሚኖሩት አጎቴ አስተምረዋለሁ ብለው አስመጡኝ። በዕድሜዬ አውቶቡስ ተሳፍሬ አላውቅም ነበር። ደጀንን አልፈን የአባይ በረሃን ስንወርድ ያ ጠመዝማዛ መንገድ አንጀቴን ገለበጠውና፣ ጎሐ ጽዮን ሳንደርስ አጠገቤ በተቀመጡት ቄስ ነጭ ጋቢ ላይ አስመለስኩ። ቄሱ፣ «አይዞህ ልጄ፣ አባይን በባዶ ሆድ መሻገር ነው ደጉ» አሉኝ። አውቶቡስ ተራ ስደርስ ደግሞ ከአጎቴ ተጠፋፍቼ ስዞር ዋልኩ። ልጄ ይህን ታሪክ ትወደዋለች፤ ሕፃን ሳለች፣ «የቄሱን ንገረኝ» ትለኝ ነበር።

በማግሥቱ እሑድ ነበርና አብረን ተቀመጥን። እኔ ከጃፓን ፊደል ብዙውን አነባለሁ፤ የሚያስቸግረኝም አይጠፋም። ስለዚህ እሷ እያነበበች እኔ ሥዕሉን አያለሁ። ሕፃን ሳለች እኔ ነበርኩ የማነብላት፤ እነሆ ተገለበጠ።

መጽሐፉ ደስ የሚለው ምንም ትልቅ ነገር ስለማይሆንበት ነው። ጃፓኖች «ኒቺጆ» ይሉታል፤ የዕለት ተዕለት ኑሮ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ጽሑፍ ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው። ክፉ ሰው የለበትም። ጭራቅ የለም፤ ጎራዴ የለም። አዲስ ተማሪ ራሷን ታስተዋውቃለች፤ ልጆች ከትምህርት በኋላ ሊዘፍኑ ይሄዳሉ፤ አንዷ የሌላዋን ነገር በክፉ ትተረጉማለች፤ በኋላ ይገባታል። ሚፁሚ ባላገር መሆኗን አታውቅበትም ማለት አይደለም፤ ታውቀዋለች። ግን መደበቂያውን አልተማረችም። ትሳሳታለች፤ ታፍራለች፤ ማታ አልጋዋ ላይ ትገላበጣለች፤ ጧት ተነሥታ እንደገና ትሄዳለች። ቀስ በቀስ ሌሎቹ ልጆች በእሷ አጠገብ ሲሆኑ ትከሻቸው ዘና ሲል ታያላችሁ።

«አየህ፣» አለችኝ ልጄ፣ «አንተም እንዲህ ነበርክ አይደል?»

እኔ ዝም አልኩ። ሚፁሚ አገሯ ለቀረችው ጓደኛዋ ለፉሚ ስልክ ስትደውል የምትታይበት ገጽ ላይ ነበርን። ስለ አዲሱ ትምህርት ቤት ታወራለች፤ አገሯን ትጠይቃለች፤ ያለ አንዳች ሐፍረት። ያን ገጽ እያየሁ ጉሮሮዬ ተያዘ። የቄሱን ታሪክ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ለባለቤቴም ነግሬያት አላውቅም ነበር።

«አይደለም፣» አልኳት። «እንዲህ አልነበርኩም።»

ከዚያም ነገርኳት።

አዲስ አበባ የገባሁት ቁንጮ ይዤ ነው። ራሴ ዙሪያውን የተላጨ፣ አናቴ ላይ አንድ ጭብጥ ጠጉር የቀረልኝ ልጅ ነበርኩ። ከእኔ በፊት እናቴ ሁለት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞተውባታል። እኔን ቢያተርፍላት፣ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ቁንጮዬን ደብሩ ደጃፍ ላይ ልታስላጨኝ፣ ጧፍ ልታበራ፣ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተስላለች። አጎቴ ሲወስዱኝ የቀረው አንድ ዓመት ስለ ነበር፣ «ለስለቱ ትመልሱልኛላችሁ» ብላ አደራ ብላ ነው የሰጠችኝ።

ትምህርት ቤት በገባሁ በመጀመሪያው ቀን ስሜ ጠፋ፤ «ቁንጮ» ተባልኩ። ሰልፍ ላይ ከኋላ ይጎትቱኛል። አፌን ስከፍት ደግሞ የባሰ ነው። እኛ አገር እናት «እማየ» ናት፤ እነሱ «እማዬ» ይላሉ። በዚያች በአንዲት ፊደል ክፍሉ ሙሉ ይስቅ ነበር። ሦስት ሳምንት ቻልኩ። በአራተኛው ሳምንት አጎቴ ለደብተር የሰጡኝን ሃምሳ ሳንቲም ይዤ ጠጉር አስተካካይ ቤት ገባሁ። ሰውየው ቁንጮዬን በጣቱ ይዞ፣ «የስለት እንዳይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። «አይደለም» አልኩት። ቆረጠው። መሬት ላይ ሲወድቅ አላየሁትም፤ ዐይኔን ጨፍኜ ነበር። በገና ጊዜ «እማዬ» ማለት ለምጃለሁ፤ ከአዲስ አበባ ልጅ አልለይም። እንዲያውም ከወሎ ለመጣ ሌላ ልጅ ቅጽል ስም ካወጡት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ጥር ላይ እናቴ መጣች። አጎቴ ቤት እስክመለስ መታገሥ አቅቷት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀችኝ። ራሷን ቅቤ ተቀብታለች፤ በባዶ እግሯ ናት፤ ቅል ሙሉ ቅቤ በአገልግል አድርጋ ይዛለች። ከጓደኞቼ ጋር ወጣሁ። «ማን ናት?» አሉኝ። «መልእክት ይዛ የመጣች ሴት ናት» አልኳቸው። ውሸት ነው እንዳይባል፣ መልእክት ይዛ ነበር፤ ቅቤ። ልጆቹ እስኪሄዱ ቀስ እያልኩ ሄድኩ። ከዚያ ተጠጋኋት። ሳመችኝ፤ እጇንም ወደ አናቴ ሰደደች። እጇ የሚፈልገውን አጣ። አናቴን ዳበሰች፤ እንደገና ዳበሰች፤ ዕቃ ጨለማ ውስጥ እንደሚፈልግ ሰው። ከዚያ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፤ «ስለቱስ?» አለች።

አልተቆጣችም። ሁለት ቀን አድራ ሄደች። «መልእክት ይዛ የመጣች ሴት» ያልኩትን ትስማው፣ አትስማው እስከ ዛሬ አላውቅም። በ2001 ዓ.ም. ዐረፈች፤ ያን ነገር አንሥቼ ይቅርታ አልጠየቅኋትም።

ልጄ መጽሐፉን ዘግታ ነበር። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ከቆየች በኋላ፣ «እና እኔን ነው ኩሪ የምትለኝ?» አለችኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ጥያቄ ነበር። የምመልሰው አልነበረኝም።

በነጋታው፣ «ወረቀቱን እንድፈርም ከፈለግሽ እፈርማለሁ። ጠጉር ቤት መሄድ ከፈለግሽም አብሬሽ እሄዳለሁ። ሁለቱንም አልቆጣም» አልኳት። ጠጉር ቤቱን መረጠች። ሄድኩ። አራት ሰዓት ያህል ፈጀ። መስተዋቱ ውስጥ ስትታየኝ ያን ጠጉር አስተካካይ አሰብኩት፤ ይህኛውን ግን ዐይኔን ሳልጨፍን እስከ መጨረሻው አየሁት። ከዚያ ፍርዱን ለራሷ ትቼ አብሬያት በባቡር ተመለስኩ። ወረቀቷን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኳት።

ሚያዝያ ላይ ትምህርት ጀመረች። ማንም ምንም አላላትም። እሷም ያሰበችውን አገኘች። ግን ሌላ ችግር አለ፤ ሰው እንዳያውቅበት የሚጠብቀው ነገር ያለው ሰው ሲስቅም ግማሹን ነው የሚስቀው። ዋና ትምህርት ሲባል ሆዷን ያማታል። ዝናብ ሲመጣ ቀድማ ትሮጣለች።

የመጽሐፉን ቀጣይ ክፍሎች ሲወጡ አብረን ማንበባችንን አልተውንም። እዚያ ላይ ነው እኔ ራሴን ያገኘሁት። ሚካ ኤጋሺራ የምትባል ልጅ አለች። ከላይ ስትታይ ቆንጆ ለባሽ፣ ለሰው ነቀፋ የማታንስ፣ ሚፁሚን መጀመሪያ ላይ ዝቅ አድርጋ የምታይ ናት። ሌላ ደራሲ ቢሆን ክፉ ገጸ ባሕርይ ባደረጋት ነበር። ታካማትሱ ግን ወደ ኋላ ትወስደንና አንደኛ ደረጃ ሳለች በውፍረቷ ይሳቅባት የነበረች ልጅ መሆኗን ታሳየናለች። ያን ሁሉ ልብስ፣ ያን ሁሉ አነጋገር በላብ ነው ያመጣችው። ሌላዋ ሳትጥር ስትወደድ ስታይ ያማታል። አንድ ቀን ሚፁሚ ለክፍሎች ውድድር መረብ ኳስ አስተምሪኝ ብላ ትለምናታለች፤ ኤጋሺራ እየነጫነጨች ታስተምራታለች፤ ወዳጅነታቸው ከዚያ ይበቅላል።

ይህ ነው እኔን የገረመኝ። ስለ «ልዩ መሆን» የሚጻፍ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሞግሰው ያልተለወጠውን ነው፤ የተለወጠውን ይገሥጸዋል። ይህች ደራሲ ግን ሁለቱንም አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ፣ መደበቅ ያልቻለችውንም መደበቅ የተማረችውንም በአንድ ዐይን ታያቸዋለች። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ያን ቁንጮውን የቆረጠ ልጅ ስረግመው ኖሬአለሁ። ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። ብቻውን ነበር። ለእናቱ ያደረገውን አላጸድቅለትም፤ ሃምሳ ሳንቲሟን ግን ይቅር አልኩት።

ሰኔ ላይ ጃፓን «ትሱዩ» የሚሉት የዝናብ ወቅት ይገባል። አየሩ እርጥብ ስለሆነ የተዘረጋ ጠጉር ከሥሩ ማበጥ ይጀምራል፤ አዲስ የበቀለው ደግሞ ጥቅልል ብሎ ብቅ ይላል። ልጄ አንድ ጧት መጸዳጃ ቤት ውስጥ በውኃ ስታስተኛው አንዲት የክፍሏ ልጅ ገባች። ልጅቷ ዝም ብላ አየቻትና ከቦርሳዋ ትንሽ የጠጉር ካውያ አውጥታ ሰጠቻት። «የኔም ኩሴጌ ነው፣» አለቻት፤ «ጧት ጧት በዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው የምነሣው።»

«ኩሴጌ» ቃል በቃል ሲፈታ «ዐመል ያለው ጠጉር» ማለት ነው። ለካ ጃፓኖችም ዐመለኛ ጠጉር አላቸው! ሁሉም ዘርጋ ያለ የሚመስለን ብዙዎቹ በሙቀትና በመድኃኒት ስለሚያስተኙት ነው። ልጄ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሷ ብቻ የተለየች መስሏት፣ ከጎኗ የተቀመጠችው ልጅ ካውያ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ትሄድ ነበር። ማታ ስትነግረን ባለቤቴ፣ «የኛዋ ዐመለኛ ብቻዋን አይደለችማ!» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስታችንም ስለዚያ ጠጉር ሳቅን።

የበጋው ዕረፍት አልቆ መስከረም ላይ ሁለተኛው ወቅት ሲከፈት፣ ልጄ የተዘረጋውን ክፍል ቆርጣ፣ የበቀለውን አጭር አድርጋ ልትገባ ወሰነች። እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ ንግግር ማድረጌን አቁሜ ነበር። «አባዬ፣ ያ ወረቀት አለ?» አለችኝ። ከመሳቢያው አወጣሁላት።

ማኅተሜን አደረግሁ። የቀረው የሕፃንነት ፎቶግራፍ ነው። አልበም አወጣን። በጥቅምት 1997 ዓ.ም.፣ የዘጠኝ ወር ልጅ ሳለች፣ ለእናቴ ልናሳያት አገር ቤት ወስደናት ነበር። ባለቤቴ ያነሣችው ፎቶግራፍ አለ። እናቴ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች፤ ልጄ ጭኗ ላይ ናት። የሕፃኗ ጠጉር ቅቤ ተቀብቶ፣ እያንዳንዱ ጥቅልል በፀሐይ ያበራል። የእናቴ እጅ ሕፃኗ አናት ላይ ነው።

«ይህ ይሁን» አለች ልጄ።

ባለቤቴ፣ «ቅቤውን ኬሚካል ነው ቢሉስ?» አለች።

«ቅቤ ነው እንላቸዋለን» አለች ልጄ። ጀርባው ላይም በራሷ እጅ በጃፓንኛ፣ «ከአያቴ ጋር፤ ኢትዮጵያ» ብላ ጻፈችበት። መምህሯ ወረቀቱን ሲቀበሉ ፎቶግራፉን አይተው፣ «ጥሩ ፎቶ ነው፤ አንድ ኮፒ አድርጌ ይህን ልመልስልሽ» አሏት። ሰውየው ክፉ አልነበሩም። ደንቡን የጻፉትም እሳቸው አልነበሩም።

በየካቲት 2021 ያች የኦሳካዋ ልጅ ጉዳይ ተፈረደ። ፍርድ ቤቱ ስሟን ከመዝገብ፣ መቀመጫዋንም ከክፍል ማንሣታቸው ጥፋት ነው ብሎ 330,000 የን ካሣ እንዲከፈላት ወሰነ፤ የጠጉሩን ደንብ ግን ሕገ ወጥ አላለውም። ልጄ በመጋቢት 2022 ተመረቀች። በቀጣዩ ወር ቶኪዮ አስተዳደር ሥር ባሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጠጉርን ጥቁር ቀለም የማስቀባቱ ደንብ ከሌሎች መሰል ደንቦች ጋር ተሻረ። «አንድ ወር ቀደምሽው» አልኳት። «አይደለም፣ አንድ ወር ዘገየብኝ» አለችኝ።

በ2023 «ስኪፕ ቶ ሎፋ» የኮዳንሻን የማንጋ ሽልማት አገኘ፤ በዚያው ዓመት ጸደይ በቴሌቪዥንም በተንቀሳቃሽ ሥዕል ታየ። ልጄ ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆና ከቤት ወጥታለች፤ አንዳንድ ጊዜ ክፍሉ ሲያልቅ ትደውልልኝና እናወራበታለን።

ከዚያ ጥር 1 ቀን 2024 መጣ። ጃፓኖች አዲስ ዓመታቸውን ቤተ ሰብ ተሰብስቦ የሚያከብሩበት ቀን ነው። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ላይ መጠኑ 7.6 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ የኖቶን ምድር መታው። ሱዙና ዋጂማ የተባሉት ከተሞች ፈረሱ፤ ቃጠሎም ሆነ፤ ባሕሩም ወጣ። ሰዎች በየወላጆቻቸው ቤት ተሰብስበው ሳለ ነው። ልጄ አብራን ነበረች። ቴሌቪዥኑ ላይ የባሕሩን ዳርና የወደቁትን የእንጨት ቤቶች ስናይ፣ «የሚፁሚ አገር» አለች። ልብ ወለድ መሆኑን እያወቀች ዐይኗ እንባ ሞላ። ያች ልጅ ልታድናት ዐቅዳ የነበረችው፣ ሰው እየተወላት የሄደችው ጫፍ ምድር ናት። አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ።

እኔ ደግሞ መንደሬን አሰብኩ። ከንቲባ ልሆንላት ቀርቶ፣ እናቴን ከቀበርኩ ወዲህ አልሄድኩም። ልጄ ማሰቤን ያወቀችብኝ ይመስለኛል። «አባዬ፣ ያ ስለት አሁንም ይቆጠራል?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። «እንሂድና እንጠይቃቸው» አለች። የደብሩን ሰዎች ማለቷ ነው። መቼ እንደምንሄድ ገና አልቆረጥንም። እኔም ለቁንጮ የሚሆን ጠጉር አናቴ ላይ አልተረፈኝም። ጧፉን ግን ማብራት ይቻላል።

ያ ፎቶግራፍ አሁን የመጽሐፉ የመጀመሪያ ቅጽ ውስጥ፣ ሚፁሚ ስልክ የምትደውልበት ገጽ ላይ እንደ ምልክት ተቀምጧል። አልፎ አልፎ ገልጬ አየዋለሁ። የእናቴ እጅ ሕፃኗ አናት ላይ እንዳረፈ ነው። ምንም የምትፈልግ አትመስልም።